የሰኔ እግር፣ የመስከረም መንገድ

እንደምን አደራችሁ። ኋላ ያላችሁት ትሰሙኛላችሁ? ጥሩ። ሻያችሁን እየጠጣችሁ ስሙኝ፤ እኔም በመሃል ፉት እላለሁ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። አሰልጣኝ አይደለሁም። ሐኪምም አይደለሁም። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሂሳብ መዝገብ ላይ ያፈጠጥኩ ሠራተኛ ነኝ፤ ቅዳሜና እሁድ ኮርሳ ሳይክሌን ይዤ እወጣለሁ፣ በቃ። ውድድር ገብቼ አላውቅም። አንዴ ግን በደንብ ወድቄያለሁ፤ ዛሬ እዚህ ያቆማችሁኝም ለዚሁ ይመስለኛል።

ሰው ሁሉ ሲሰማ "ዝናብ ላይ ነው አይደል የወደቅከው?" ይለኛል። አይደለም። ያን ዓመት ክረምቱን ሙሉ ምንም አልሆንኩም፤ ክረምቱን ሙሉ አልነዳሁማ! የወደቅኩት መስከረም ላይ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ አስፋልቱ ደርቆ፣ እንጦጦ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ፣ ሰው እንኳን ሳይክል ይዞ በእግሩም ቢሆን መሮጥ በሚያምረው ቅዳሜ ጠዋት። ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ እየወረድኩ ነበር። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ቁልቁለቱ ቀልድ አያውቅም። አንዷ ጠመዝማዛ ላይ ሦስት ወር ሙሉ ጎርፉ ሲያወርደው የከረመው ጠጠር አስፋልቱ ላይ ተነጥፎ ቀርቷል። ሰኔ ላይ በዚያችው ጠመዝማዛ በዚያው ፍጥነት አልፌያለሁ። መስከረም ላይ የፊት ጎማዬ ሄደ። በቀኝ ትከሻዬ አረፍኩ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅ ታውቁታላችሁ አይደል? እሱን ሰማሁ፤ ከውስጥ ነው የመጣው።

እንጨት የተሸከሙ ሦስት እናቶች ከኋላዬ ይወርዱ ነበር። አንዷ ሸክሟን አወረደች። ይህን በቀላሉ አትለፉት፤ ያን የሚያክል የባሕር ዛፍ ሸክም አንዴ ካወረዱት ብቻን መልሶ መነሳት አይቻልም፣ የግድ ሰው ማንሳት አለበት። ቀና አድርጋ አስቀመጠችኝ። ክንዴን ደረቴ ላይ አጠፈችና ነጠላዋን አውልቃ፣ በአንገቴ አዙራ፣ ጥብቅ አድርጋ አሰረችኝ። "አይዞህ ልጄ፣ አጥንት ነው፣ ይጠግናል" አለችኝ። የኋላው ጎማ አሁንም ይሽከረከር ነበር። ጓደኞቿ ሸክሟን አነሱላት፤ ሄዱ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኩም። ድንገተኛ ክፍል ስደርስ ነርሷ ያን ነጠላ በመቀስ ቀደደችው። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ከዚያ በኋላ ቤት ተቀምጬ ለማሰብ ብዙ ጊዜ ነበረኝ። ሁለት ወር ከምናምን ያልነዳ ሰው፣ በሰኔ ፍጥነቱ ወረደ። እግሬ ሌላ ሆኗል፣ ፍሬን የሚይዘው ጣቴ ደንዝዟል፣ መንገዱም የሰኔው መንገድ አይደለም፤ ጭንቅላቴ ብቻ ሰኔ ላይ ቀርቷል። ዛሬ የማወራችሁ ነገር ይኸው ነው። ዕረፍቱ አይደለም የሚጎዳን። መመለሻው ነው።

አሁን ስለ ወቅት እናውራ። ከኢንተርኔት የምናወርዳቸውን የልምምድ ፕሮግራሞች አይታችኋል። ታኅሣሥና ጥር ላይ "ቀዝቃዛ ነው፣ ቤት ውስጥ አቅልላችሁ ንዱ" ይላል። ሐምሌ ሲደርስ "ጊዜው አሁን ነው፣ ረጅሙን ውጡ" ይላችኋል። አውሮፓ ተቀምጦ የጻፈው ሰው አይፈረድበትም፣ የሱ ሐምሌ ፀሐይ ነው። የኛ ሐምሌ ግን ጃንጥላ ነው። የኛ ወርቅ ወራት ከጥቅምት እስከ ጥር ናቸው፤ ስለዚህ ያን ፕሮግራም እንዳለ የሚከተል የአዲስ አበባ ልጅ ምርጡን ጊዜ ሳሎን ውስጥ ያባክንና ጎርፍ ላይ 120 ኪሎ ሜትር ሊነዳ ይወጣል። እኔም አድርጌዋለሁ። ሼም ነው።

ከፍታውም ሌላ ነገር ነው። ቤልጂጋዊው የሳይክል ጀግና ኤዲ መርክስ በ1972 የሰዓት ክብረ ወሰን (በአንድ ሰዓት ብዙ ርቀት የመንዳት) ሊሰብር ሲነሳ ሜክሲኮ ሲቲ ድረስ የሄደው ወዶ አይደለም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,240 ሜትር ላይ ናት፤ እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነትን ብዙም አይገፋም። በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር ነዳ። እኛ ጠዋት ጠዋት ዳቦ ልንገዛ የምንወጣው ከዚያ ከፍ ባለ ቦታ ነው! ግን ስስ አየር ኦክስጅኑም ስስ ነው። ሜዳ ላይ ያስቸኩላል፣ ዳገት ላይ ያስተነፍሳል። እንጦጦ አናት ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ባሕር ዳርቻ የሚኖር ሰው "ይህን ያህል ኃይል ለ20 ደቂቃ ያዝ" ብሎ የጻፈውን ቁጥር እዚያ ላይ እይዛለሁ ማለት ራስን መቅጣት ነው። የኔ መለኪያ ርካሽ ነው። አጠገቤ ካለው ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማውራት ከቻልኩ ቀላል ጉዞ ነው። ሦስት ሦስት ቃል ብቻ ከወጣኝ ጠንክሯል። "እሺ" ብቻ ማለት ከጀመርኩ ደግሞ ልምምድ መሆኑ ቀርቶ ጠብ ሆኗል። ከሳምንቱ ጉዞ አብዛኛው የወሬው ዓይነት መሆን አለበት። እዚህ ያላችሁ አንዳንዶቻችሁ፣ ስም አልጠራም፣ ከቤት በር ጀምሮ "እሺ" ላይ ናችሁ።

ክረምት ላይ ጨርሶ አትንዱ አልልም። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚጀምረው፤ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ብዙ ቀን ይገኛል። አጭር ንዱ፣ በሳምንት ሁለት ቀንም ይሁን፣ ብቻ ሰውነታችሁ ሳይክል የሚባል ነገር እንዳለ አይርሳ። የጎማውን አየር ከወትሮው ከ5 እስከ 10 ፒ ኤስ አይ (የአየር ግፊት መለኪያው ነው) ቀንሱለት፣ መሬቱን ይይዛል። ቸርኬውን የሚጨብጥ ፍሬን ያላችሁ ደግሞ ቀድማችሁ ያዙ፤ ቸርኬው ሲርስ ላስቲኩ መጀመሪያ ውሃውን መጥረግ አለበት፣ ያቺ አንድ ሁለት ዙር ናት ሰው ላይ የምታስወጣችሁ። የዜብራው ቀለም ይንሸራተታል። የብረት ክዳን ይንሸራተታል። ክዳን የሌለው ማንሆል ግን ከሁሉም ይብሳል፤ ውሃ ሲሞላው ኩሬ ይመስላል፣ እና እኛ ኩሬ ስናይ በመሃሉ ማለፍ ደስ ይለናል። ልጅነት ነው። የማታዩት ውሃ ውስጥ አትግቡ። አሁን በኮሪደር ልማቱ የሳይክል መስመር የተሠራላቸው መንገዶች አሉ፣ ለአጭሯ የክረምት ጉዞ አሪፍ ናቸው። ቤት ስትገቡ ካቴናውን ጠርጋችሁ ዘይት ጠብ አድርጉበት፤ ጭቃ ከዘይት ጋር ከተላወሰ ብርጭቆ ወረቀት ነው፣ ጥርሱን ይበላዋል።

መስከረም ላይ ዘይቤው ሌላ ነው። የልብና የትንፋሽ አቅም በሁለት ሦስት ሳምንት ዕረፍት መቀነስ ይጀምራል፤ ስትመለሱ ግን ቶሎ ይመለሳል፣ ለዚህም ነው የሚያታልለው። ትንፋሻችሁ "ደህና ነኝ፣ ቀጥል" ይላችኋል። ጅማት እንዲህ አይቸኩልም። ጡንቻን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ሸክም የሚለምደው ቀስ ብሎ ነው፣ ሲያማርርም ዘግይቶ ነው፣ አንዳንዴ በማግስቱ። ስለዚህ እኔ አሁን ከረጅም ዕረፍት ስመለስ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሰኔ ላይ ከነዳሁት ግማሹን ብቻ እነዳለሁ፣ ደህና ነኝ ብልም። በተለይ ደህና ነኝ ስል። ቁልቁለቱን ደግሞ መጀመሪያ ስወጣ አየዋለሁ፤ ጠጠሩ የት እንደተኛ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል የት እንደረገፈ። ፍሬኑን ከጠመዝማዛው በፊት እጨርሳለሁ፤ ተጋድሞ ፍሬን መያዝ የተሰበረ አጥንት መግዛት ነው።

ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ችግሩ ብርዱ ነው። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ጎህ ሲቀድ ውርጭ ሣሩን ነጭ አድርጎት ታገኛላችሁ። ጉልበታችሁን ሸፍኑ። አናት ላይ ስትደርሱ፣ ቁልቁለቱን ከመጀመራችሁ በፊት፣ ጋዜጣ ከማልያው ሥር ደረታችሁ ላይ ሸጎጥ አድርጉ፤ የድሮ ተወዳዳሪዎች ብልሃት ነው፣ ከውድ ጃኬት አይተናነስም። ችግሩ ዛሬ ጋዜጣ ማግኘት ነው።

ከየካቲት ጀምሮ ነፋሱና አቧራው ይመጣል፣ ሁዳዴም ይገባል። ፕሮግራም የሚጽፉት ፈረንጆች ስለ 55 ቀን ጾም አንድ መስመር አይጽፉላችሁም። እስከ 9 ሰዓት እህል ሳይቀምስ የሚውል ሰው ጠዋት በባዶ ሆዱ ቢሾፍቱ ደርሶ መልስ ልንዳ ቢል፣ መሄጃው ቁልቁል ስለሆነ ይሄዳል፣ መመለሻው ላይ ግን 400 ሜትር ያህል ከፍታ እየጠበቀው ነው፤ ዱከም ላይ እግሩ ውሃ ይሆንበታል። የሚጾሙት ጓደኞቼ ጠዋት 40 ደቂቃ ቀለል አድርገው ይነዳሉ፤ ጠንካራውን ሲፈልጉ ከበሉ በኋላ ወደ ማታ ይወጣሉ። ረመዳን የምትጾሙትም እንደዚሁ ወደ ማፍጠሪያው ጠጋ ታደርጉታላችሁ መሰለኝ። ስንቅን በተመለከተ በዶላር የሚሸጠው ጄል አያስቀናችሁ። በሶ አለላችሁ። በስኳር ወይ በማር በጥብጣችሁ አንዱን ኮዳ ሙሉት፣ በሌላው ውሃ ያዙ፣ ኪስ ውስጥ ሙዝ። ክዳኑን ግን ጠበቅ አድርጉ። አንዴ ማልያዬ ላይ ተደፍቶብኝ እስከ ደብረ ዘይት ንብ እያጀበኝ ሄጃለሁ።

ወደ አጥንቴ ልመለስ። የተሰበረው ከአንገት ሥር ተነስቶ ትከሻ ጫፍ የሚደርሰው ቀጭን አጥንት ነው፣ ሐኪሞቹ ክላቪክል ይሉታል። ሳይክል የሚነዳ ሰው የሚሰብረው አጥንት ቢባል መጀመሪያ የሚጠራው እሱ ነው። በትከሻችሁ ስትወድቁ ኃይሉ ሁሉ በሱ በኩል ያልፋል፣ ብዙ ጊዜም መሃሉ ላይ ይሰበራል። ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሙ ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቅሎ "ጫፎቹ ብዙ አልተራራቁም፣ ኦፕራሲዮን አያስፈልግም" አለኝ፤ ክንዴ በማንገቻ ታስሮ ወደ ቤት።

ቤት ስገባ እናቴ፣ አክስቴ፣ ሁለት ጎረቤት ጉባኤ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አጀንዳው ወጌሻ ነው። "ራጅማ ፎቶ ነው፣ ፎቶ ያድናል እንዴ?" አለች አክስቴ። እንግዲህ እዚህ ላይ ሰው አይቀየመኝ። ጥሩ እጅ ያላቸው ወጌሾች እንዳሉ አውቃለሁ፣ ወለም ያለኝን ቁርጭምጭሚት በልጅነቴ አሽተውልኛል። ስብራት ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ራጅ፣ መጀመሪያ ሐኪም። የተሰበረ እጅና እግር በቀርከሃ ተጠፍሮ ሲታሰር ደም መተላለፊያ ያጣል፣ በዚህ የተነሳ ጣት ብቻ ሳይሆን ክንድ የተቆረጠበት ሰው በየሆስፒታሉ አለ። ማንም ይሰር ማንም፣ ከታሰረው በታች ጣታችሁ ከቀዘቀዘ፣ ከጠቆረ ወይ ከደነዘዘ ያኑ ሰዓት ይፈታ፤ እስኪነጋ አትጠብቁ። በመጨረሻ ከጉባኤው ጋር በቅልጥም ታረቅን። ወጌሻው ይቅር፣ እኔም በየቀኑ የቅልጥም መረቅ ልጠጣ። ሁለት ወር ጠጣሁት። አጥንቴን ይርዳው አይርዳው እንጃ፣ ኪሎዬን ግን ረድቶታል።

አጥንት የራሱ የቀን መቁጠሪያ አለው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት ስብራቱ ላይ ለስለስ ያለ ማያያዣ ይሠራል። ቀጥሎ እየጠጠረ ይሄዳል፤ ለአዋቂ ሰው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይፈጃል፣ ሲጋራ የሚያጨስ ደግሞ ይዘገይበታል። እኔን ግራ ያጋባኝ ሕመሙ ከአጥንቱ ቀድሞ መሄዱ ነው። አራተኛው ሳምንት ላይ ምንም አይሰማኝም። ሮጬ ሳይክሌን አወረድኩ። ሚስቴ በሩ ላይ ቆማ፣ ምንም ሳትናገር፣ ቁልፉን ኪሷ ከተተች። ደግ አደረገች።

ፊዚዮቴራፒው አሰልቺ ነው፣ ልዋሽ አልችልም። ጎንበስ ብሎ ክንድን እንደ ሰዓት ፔንዱለም ማወዛወዝ። ከዚያ በጣት ግድግዳ መውጣት፤ እንደ ሸረሪት፣ በየቀኑ ትንሽ ከፍ። ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አደርግ ነበር፣ አሁንም አልጠፋም። ጂም ያለው ሳይክል ላይ ክንዴን ሳልደገፍ ቀና ብዬ መንዳት ሐኪሙ ሲፈቅድልኝ ሁለት ኪሎ ሜትር የማይሞላ ነገር ነድቼ ላብ በላብ ሆንኩ። ደስ አለኝ።

በ12ኛው ሳምንት መንገድ ላይ ወጣሁ። እና ምን አደረግኩ? ይህን ሁሉ የሚያስተምራችሁ ሰው፣ መንገድ ላይ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት ጫንጮ ደርሶ መልስ ነዳ። 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መመለሻው ላይ የግራ ጉልበቴ ከፊት ለፊቱ መጠዝጠዝ ጀመረ። በማግስቱ ደረጃ መውረድ አቃተኝ። በትከሻ ወጥቼ በጉልበት ተመለስኩ።

አሥር ቀን አረፍኩ፣ ሞከርኩ፣ መልሶ መጣ። በመጨረሻ ሳይክሌን የሚሠራልኝ ልጅ ዘንድ ወሰድኩት። ዓይቶኝ "ጋሼ፣ ኮርቻህን ማን አወረደው?" አለኝ። ማንም! ... ማለቴ... የእህቴ ልጅ። እኔ ታስሬ በተኛሁበት ሰሞን የ14 ዓመቱ ልጅ ኮርሳዋን በየሰፈሩ ሲያንሸራሽራት ከርሞ፣ እግሩ እንዲደርስለት ኮርቻውን ዝቅ አድርጎታል። ሲመልስ ወደ ላይ መልሶታል፣ ግን በግምት። ሁለት ሴንቲ ሜትር ጎድሏል። ሁለት ሴንቲ ሜትር በደቂቃ 80 ጊዜ፣ ለአራት ሰዓት፣ ገና ያልጠነከረ ጉልበት ላይ። ኮርቻ ዝቅ ሲል ጉልበት ከፊት ይታመማል፣ ከልክ በላይ ከፍ ሲል አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ። መለኪያው ቀላል ነው፦ ኮርቻው ላይ ተቀመጡ፣ ፔዳሉን መጨረሻ ታች አውርዱ፣ ተረከዛችሁን አሳርፉበት። እግራችሁ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ በእግር ጣታችሁ ሥር ስትረግጡት ጉልበታችሁ ትንሽ ይታጠፋል፣ እሷ ናት ልኩ። ልጁ ከለካልኝ በኋላ ምሰሶው ላይ በነጭ ፕላስተር ምልክት አደረገልኝ። ዛሬ ሁላችሁም ቤት ስትገቡ አድርጉት። ወንድም፣ እህት፣ የእህት ልጅ የሌለው ሰው የለም።

ኤርትራዊውን የሳይክል ተወዳዳሪ ቢንያም ግርማይን ታስታውሳላችሁ። በ2024 ጂሮ ላይ፣ በጣሊያን ዙር ማለቴ ነው፣ በአራተኛው ቀን ሁለቴ ወድቆ ውድድሩን ጥሎ ወጣ፤ ሦስት ወር ሳይሞላ ቱር ደ ፍራንስ ላይ የሦስት ቀን ውድድር አሸንፎ በነጥብ ለሚመራ የሚሰጠውን አረንጓዴ ማልያ ወሰደ። የጎረቤታችን ልጅ ነው፣ ኩራታችን ነው። ጓደኛዬ ይህን እየጠቀሰ "አንተስ?" ይለኛል። ወዳጄ፣ እሱ ሲወድቅ ሐኪሙ፣ አሻሹ፣ መካኒኩ፣ ምግብ አብሳዩ ተሰልፈው ይጠብቁታል። እኔን የጠበቀኝ የወር መዝጊያ ሂሳብ ነው።

ስለ ፍርሃትም ላንሳ፣ ወንዶች ስለሱ ማውራት አንወድም። አጥንቱ ጠገነ፣ ጉልበቱ ዳነ፣ እንጦጦ ግን አልወርድ አልኩ። ስወጣ ምንም አልሆንም። አናት ላይ ስደርስና ሽሮ ሜዳን ቁልቁል ሳየው እጄ ፍሬኑ ላይ ይደርቃል። ታዲያ ምን አደረግኩ? በፔዳል ወጥቼ በታክሲ መውረድ ጀመርኩ። ሳይክሌን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አስጭኜ፣ ሄልሜቴን እንዳደረግኩ፣ ከኋላ ወንበር። ረዳቱ "ባሻ፣ ይሄ ነገር መውጣት ብቻ ነው የሚችለው?" ብሎ ታክሲውን ሙሉ አሳቀብኝ። አምስት ቅዳሜ እንዲህ አደረግኩ። ስድስተኛው ላይ ግማሹን ወረድኩ፣ ከዚያች ጠመዝማዛ በላይ ያለውን ብቻ። ስምንተኛው ላይ ጠመዝማዛዋ ጋ ስደርስ ወርጄ፣ ሳይክሌን እየገፋሁ በእግሬ አለፍኳት። ማንም ምንም አላለኝም።

ነጠላው እንዳለብኝ ነግሬያችኋለሁ። ከሽሮ ሜዳ ጥሩ ጥለት ያለው አዲስ ገዝቼ ማልያዬ ኪስ ውስጥ በፌስታል ጠቅልዬ ይዤ እዞር ነበር፣ በየቅዳሜው። እንጨት የተሸከመች እናት ባየሁ ቁጥር እያቆምኩ ፊት ፊታቸውን አያለሁ፤ አንዳንዶቹ ምን ፈልጎ ነው ብለው ሳይሸሹኝ አልቀሩም። መጋቢት ላይ አገኘኋት። መጀመሪያ ያወቀችኝ እሷ ናት፤ ሸክሟን ግንቡ ላይ አስደግፋ እያረፈች ነበር። ነጠላውን ሰጠኋት። አጣጥፋ አየችው፣ መረቀችኝ፤ ቀጥላ ትከሻዬን በጣቷ ጫን ጫን አድርጋ ፈተሸችው፣ እብጠቱን አገኘችው፣ "ጠግኗል" አለች። ሳይክሉን ከላይ እስከ ታች ስታየው ቆየችና፦

"እንዲያው ልጄ፣ ይሄ ነገር ፍሬን የለውም እንዴ?"